ዝሆኔ እግር ያለበት ሰው ህክምናውን እንዴት ይጀምር?

በደጋና በወይና ደጋ ቀይ አፈር ላይ ዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እናትም አባትም ስላለባቸው የሚደበቁ ልጆች አሉና ይሄን ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።

መጀመሪያ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ ጠይቁ። የትኛው ጤና ጣቢያ በትክክል እግር እንደሚያክም ሳታረጋግጡ የትራንስፖርት ገንዘብ አታውጡ፣ ክኒን ብቻ ሰጥቶ የሚመልስ ሞልቷል። አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል፣ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለቆዳ ህክምና የታወቁ ናቸው።

ምርመራው ላይ እብጠቱ ከየት እንደጀመረ ንገሩ። ፖዶኮኒዮሲስ ከእግር ጣትና ከመርገጫ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ ከጉልበት አያልፍም። ቆላ የኖረ ሰው ከሆነ በትንኝ የሚተላለፈው ሌላ ዓይነት ስላለ የደም ምርመራ ይጠየቅለት። እግሩ ከደነዘዘ ደግሞ ስጋ ደዌም መታየት አለበት።

ከባዱ ቤት ያለው ስራ ነው። ሁሉም "ታጠብ" ይላል፣ እንዴት እንደሆነ ግን አያሳይም። በየቀኑ፣ በንጹህ ውሃና በተራ የገላ ሳሙና፣ ጭቃው ከቆዳው እጥፋትና ከጣቶቹ መሀል እስኪወጣ ቀስ ብሎ ማጠብ ነው። ከዚያ ትንሽ በረኪና የገባበት ውሃ በሳፋ ሞልቶ እግሩን መዘፍዘፍ። የበረኪናውን መጠን በግምት አታድርጉት፣ ባለሙያው ፊታችሁ ለክቶ ያሳያችሁ፣ ከበዛ ቆዳ ይልጣል። እና ብዙ ሰው የሚዘለው ማድረቁን ነው፦ በየጣቱ መሀል ንጹህ ጨርቅ አስገብቶ እርጥበቱን ማውጣት። እርጥብ ሆኖ የቀረ ጣት ይላጣል፣ ይሸታል፣ ጀርሙም በዚያው ይገባል። በመጨረሻ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን፣ ከጣቶቹ መሀል በስተቀር።

ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ሲመለስ ግን እግሩን ያድርቅ። ማስበጣት ግን በፍጹም።

ጫማው ሰፊ ይሁን፣ ከካልሲ ጋር። ኮንጎ ጫማ ርካሽ ነው ግን እግር ያልባል፣ እኔ አልመክርም።

እግሩ ድንገት ቀልቶ ቢያቃጥልና ብርድ ብርድ ቢል ስራ ይቁም፣ እግሩን ከፍ አድርጎ ይተኛ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ያብርድ፣ ውሃ በደንብ ይጠጣ። እስኪበርድ ፋሻ አትጠምጥሙበት። ትኩሳቱ ካልተወው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልገው ይችላል።