የሕፃን ዓይን በአይናር ሲጣበቅ
እናቶች፣ ልጃችሁ ሳያለቅስ አንድ ዓይኑ ብቻ እንባ እየሞላ ጠዋት በአይናር ተጣብቆ ከተነሳና ነጩ ካልቀላ፣ ብዙ ጊዜ እንባን ከዓይን ወደ አፍንጫ የሚያወርደው የእንባ ቱቦ ስላልተከፈተ ነው፤ ቴትራሳይክሊን ቅባት አይናሩን ይቀንሳል እንጂ ቱቦ አይከፍትም፣ እኔ ለልጄ ሁለት ቲዩብ ጨርሼ ባቆምኩ በሦስተኛው ቀን ተመለሰባት 😅። የሠራልኝ ማሳጅ ነው፣ እጅ ታጥቦ ጥፍር ተቆርጦ በትንሿ ጣት የዓይኗን ጥግ አፍንጫዋ ጋ ጫን አድርጎ ወደታች፣ ከ5 እስከ 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስት አራቴ። አብዛኛው 1 ዓመት ሳይሞላ ይከፈታል።

ግን ጥጉ ቀልቶ ካበጠ ወይ ካተኮሰው፣ ማሳጁን ትታችሁ በዛኑ ቀን ሐኪም ጋ፤ ጥጉ ሥር እንባ የሚጠራቀምበት የእንባ ከረጢት መግሎ ሊሆን ይችላል፣ ጠብታ ብቻውን አያድነውም፣ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ፣ ለጨቅላ ደግሞ በመርፌ ሊሆን ይችላል።