ጃማይካ ቤት ተከራይታችሁ ስትገቡ መብራት፣ ውሃ፣ ጋዝና ኢንተርኔት እንዴት እንደምታስገቡ

ከሜሪላንድ ወደ ኪንግስተን ስንዛወር ቤቱን ያገኘነው በአንድ ሳምንት ነው፣ ቤቱ ውስጥ ውሃ በደንብ እስኪወርድልን ግን ሁለት ወር ፈጀ። ቅደም ተከተሉን የነገረን ሰው አልነበረም። አሁን በስራም በትዳርም ወደዚህ ለመምጣት እየተዘጋጃችሁ ያላችሁ ስላላችሁ እኛ ያየነውን እንዳታዩ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ቲአርኤን አውጡ። የግብር ከፋይ ቁጥር ነው፣ 9 አሃዝ ያለው፣ እኛ አገር ቲን እንደምንለው ማለት ነው። መብራትና ውሃ በስማችሁ ልታዞሩ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው፣ ባንክም እንደዛው። ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ታክስ ቢሮ መሄድ ነው በቃ።

የኪራይ ውል ስትፈርሙ የመብራቱንም የውሃውንም ቆጣሪ ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፣ የመጨረሻውን ቢልም ከአከራዩ ተቀበሉ። ያለፈው ተከራይ ጥሎት የሄደ እዳ ካለ ከመግባታችሁ በፊት ይዘጋ፣ ከገባችሁ በኋላ ክርክሩ የናንተ ነው የሚሆነው። ቤቱ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ መብራቱ ተቆርጦ ከነበረ ደግሞ እንደገና ለመቀጠል የኤሌክትሪክ ኢንስፔክሽን ሰርተፊኬት ሊጠይቋችሁ ስለሚችል ይሄንን አከራዩ እንዲጨርስ ውሉ ላይ አስገቡት።

መብራት የሚያስገባው ጄፒኤስ ነው። የሚገርመው ጃማይካኖችም እንደኛ "መብራት" ነው የሚሉት፣ የኤሌክትሪክ ቢሉን "ላይት ቢል" ይሉታል። ቲአርኤን፣ መታወቂያና የኪራይ ውል ይዛችሁ ሂዱ፣ የማስያዣ ብርም ይኖራል።

አሁን ዋናው ነገር፣ በደንብ አንብቡት። የጃማይካ መብራት 110 ቮልት ነው፣ ሶኬቱም የአሜሪካ ነው፣ ስለዚህ ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ሁሉም እቃ ይሰራል ብሎ ነው የሚያስበው። ግን ሄርዙ፣ ማለትም ከረንቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚያሳየው ቁጥር፣ እንደ አዲስ አበባ 50 ነው፣ የአሜሪካ 60። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ምንም አይሆንም፣ አምፖልም፣ ካውያም። ችግሩ ሞተር ያለው እቃ ላይ ነው፦ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ የውሃ ፓምፕ። ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሰራ ሞተር 50 ላይ ሲሰካ ዙሩ ይቀንሳል፣ የሚስበው ከረንት ግን ይጨምርና ይግላል። እኔ ከሜሪላንድ አዲስ ፓምፕ ገዝቼ በእቃ ጭነት ነው ያስመጣሁት፣ እዚህ ውድ ነው ብዬ። ሁለት ሳምንት ሰራ። አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቴ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ አለች፣ ወጥቼ ስነካው እጅ አያስነካም፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈችው ጽሁፍ ጋ "60 ሄርዝ" ይላል፣ ሌላ ቁጥር የለም። እቃ ከመጫናችሁ በፊት ያቺን ከጀርባ ያለች ጽሁፍ አንድ በአንድ እዩ፣ "50/60" ካለች ጫኑት፣ 60 ብቻ ከሆነ እዛው ሽጡት። ፓምፕ በተለይ እዚሁ ግዙ፣ ሲበላሽም መለዋወጫው አለ።

ምጣድ ለምትጠይቁኝ፦ ከአሜሪካ የመጣ ምጣድ ይሰራል፣ ማሞቂያ ብቻ ስለሆነ ሄርዝ አያስጨንቀውም፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው የሚግለው። የአዲስ አበባው የ220 ምጣድ ግን 110 ላይ ጉልበቱ ሩብ ብቻ ነው የሚሆነው፣ ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። ብዙ ቤት ለኤሲና ለምድጃ የ220 መስመር አለ፣ ኤሌክትሪሺያን ከዛ ለብቻው ብሬከር አድርጎ ይሳብላችሁ፣ በኤክስቴንሽን አትሞክሩት።

ውሃ ደግሞ ኤንደብልዩሲ ነው፣ አከፋፈቱ እንደመብራቱ ነው። ሂሳቡ ሳይሆን ፈረቃው ነው የሚያስቸግረው። ኪንግስተንን የሚያጠጡት ሞና የሚባለው የውሃ ማጠራቀሚያና ኸርሚቴጅ ግድብ ናቸው፣ ዝናብ ሲጠፋ ውሃ በሰዓት ይዘጋል፣ ቤት ስትመርጡ መጀመሪያ "ሮቶ አለው ወይ" በሉ፣ እዚህ ብላክ ታንክ ነው የሚሉት። አራት ሰው ላለበት ቤት ቢያንስ 400 ጋሎን ያዙ፣ ሲሞላ ከ1,500 ኪሎ በላይ ስለሚሆን በኮንክሪት ላይ እንጂ በብሎኬት ቁራጭ ላይ እንዳይቀመጥ። ጣሪያ ላይ ቢሰቀልም የ3 ሜትር ከፍታ ሻወር የሚያስወርድ ግፊት አይሰጥም፣ ስለዚህ ፓምፕ ግድ ነው። ቧንቧ ሰራተኛው ሶስት ነገር እንዲያስገባ ቆማችሁ እዩ፦ ሮቶው ሲሞላ የሚዘጋ ፍሎተር፣ ፓምፑ ውሃችሁን ወደ መንገዱ መስመር እንዳይመልሰው ቼክ ቫልቭ፣ ሮቶው ሲደርቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ስዊች። ሶስተኛውን "አያስፈልግም" ይሏችኋል። ያስፈልጋል፣ ፓምፕ ያለ ውሃ ከዞረ ይቃጠላል። ከፈረቃ በኋላ ውሃ ሲመጣ የመጀመሪያው ድፍርስ ስለሆነ የግቢውን ቧንቧ ከፍታችሁ እስኪጠራ ልቀቁት።

ጥሩ ቧንቧ ሰራተኛ እኛ ያገኘነው ማክስፊልድ አቬኑ ካለው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከቅዳሴ በኋላ ጠይቀን ነው። ጃማይካውያን ምእመናን ናቸው፣ ከኢትዮጵያ ነን ስንላቸው እንዴት እንደተቀበሉን አልረሳውም።

ጋዝ በሲሊንደር ነው፣ ደውላችሁ ያመጡላችኋል፣ ሁለት ይኑራችሁ። ኢንተርኔት ፍሎው ወይ ዲጂሴል ነው፣ ማስታወቂያ አትዩ፣ ጎረቤት የትኛው እንደማይቋረጥበት ጠይቁ። መብራት ሲሄድ ራውተሩን የምታቆይ ትንሽ ዩፒኤስ ግዙ፣ ቤት ሆኖ ለሚሰራ ሰው ዋጋዋን ታወጣለች።

የሀሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ኦክቶበር 28፣ 2025 ሜሊሳ ካቴጎሪ 5 ሆና ምዕራቡን ስትመታ ስንቱ ቤት ነው ያለመብራት ያለውሃ የቀረው። ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ሮቶውን እስከ አፉ ሙሉት፣ ባዶ ሮቶ ንፋስ ይዞት ይሄዳል፣ የሞላ አይነቃነቅም። ከዛ የመንገዱን መስመር ቫልቭ ዝጉ፣ የጋዙን ራስ ዝጉ፣ ንፋሱ ሲጀምር ዋናውን ብሬከር አውርዱ። መብራት ሲመለስም ወዲያው አታንሱት፣ መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ስለሚል ጥቂት ቆይታችሁ አንድ በአንድ ክፈቱ፣ ፍሪጁንና ፓምፑን መጨረሻ።