በብርድ አገር የሜዲትራኒያን ዓይነት የአትክልት ቦታ እንዴት ይሠራል?

እንግሊዝ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ጓሮዬ ውስጥ የተከልኳቸው አራት የላቬንደር (ሐምራዊ አበባ ያለው ሽቱ ቁጥቋጦ) ችግኞች የካቲት ላይ ተራ በተራ ጠወለጉ። ብርድ የፈጃቸው መስሎኝ ነበር። ነቅዬ ሳያቸው ግን ሥራቸው ጠቁሯል፤ በጣቴ ስዳስሰው ልጡ ይላጣል፣ የረግረግ ሽታ ይሸታል። የገደላቸው ውሃ ነው።

ግን የላቬንደር አገር በሆነው በሜዲትራኒያን አካባቢ ያለችው ሮም እንኳ በዓመት ከለንደን የበለጠ ዝናብ ታገኛለች። ልዩነቱ ያለው መሬቱ ላይ ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ላቬንደርና መሰሎቹ ብዙ ጊዜ የሚበቅሉት ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ዝናቡ ወርዶ ያልፋል። እዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት አፈሩ አይደርቅም፣ ተክሉም እድገቱን ስለሚያቆም ብዙ አይጠጣም፤ ሥሩ ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ተነክሮ ይከርማል። ስለዚህ ከችግኝ በፊት ለመሬቱ አስቡ።

መጀመሪያ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ደቡብ ምዕራብ የዞረ፣ በበጋ (እዚህ ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ቢያንስ ለስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። የጡብ ግድግዳ አጠገብ ከሆነ እሰየው፤ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። የተዳፋት ግርጌን ተዉት፤ ቀዝቃዛ አየር ወርዶ እዚያ ይተኛል።

ቀጥሎ መሬቱን ፈትኑት። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት። ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ሙሉና እንጨት አቁማችሁ በአንድ ሰዓት ስንት እንደቀነሰ ለኩ። ከ2 ወይም ከ3 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ መሬቱ ውሃ ይቋጥራል።

እንዲህ ያለ ዋልካ ከሆነ ሥሩን ቆፍራችሁ አላሉና ከላይ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ። ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ ሻካራ ጠጠር ጋር ቀላቅሉ። ደቃቅ አሸዋ ዋልካ ላይ አትጨምሩ፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ፍግም ይቅርባችሁ። ለተክል ፍግ መስጠት ደግነት ነው ብለን ያደግን ሰዎች ይህን ለመቀበል እንቸገራለን፤ ነገር ግን የሰባ አፈር የሚያወጣውን ለስላሳ ቅርንጫፍ የመጀመሪያው ውርጭ ይመታዋል።

ታዋቂዋ አትክልተኛ ቤዝ ቻቶ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኤሴክስ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቀድሞ መኪና ማቆሚያዋን የጠጠር አትክልት ቦታ አድርጋዋለች። አካባቢው በዓመት ወደ 500 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚዘንብበት ነው። የታመቀውን መሬት አላልታ ብስባሽ ቀላቀለችበት፤ የእሷ አፈር ከመነሻው ጠጠራማ ስለነበር ብስባሹ ያስፈልገው ነበር። ተክሎቹ ከያዙ በኋላ ሰው ውሃ አያጠጣቸውም።

ተክሎቹን ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን። የጥብስ ቅጠል ከዜሮ በታች እስከ 10 ዲግሪ ገደማ ይችላል። የእንግሊዝ ላቬንደር የሚባለው ከዚያም በላይ ይታገሣል፤ አናቱ ላይ እንደ ክንፍ ያለ አበባ የሚያወጣው የፈረንሳዩ ግን ለብርድ ስስ ነው። የጦስኝና የጤና አዳም ዘመዶችም ይበረታሉ። ጤና አዳምን በፀሐይ ቀን በባዶ እጅ አትቁረጡት፤ ፈሳሹ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል። አደስ ግድግዳ ተጠግቶ ካልሆነ አይሆንለትም።

ሚያዝያ ላይ ትከሉ፤ ሥሩ እስከ ብርዱ ወራት ይያዝ። ችግኙን ባልዲ ውስጥ ነክራችሁ ካጠጣችሁ በኋላ አንገቱ (ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት ቦታ) ከመሬቱ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል አድርጋችሁ ትከሉት። ዙሪያውን 5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር አልብሱት፤ አንገቱን ከእርጥበት የሚጠብቀው ይህ ነው። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንዴ ጠገብ አድርጋችሁ አጠጡ። በሁለተኛው ዓመት ተዉት።

ላቬንደርን አበባው ሲያልፍ፣ ነሐሴ ላይ፣ ግረዙት። መቀሱ ቅጠል ካለው አረንጓዴ ክፍል አይውረድ፤ ከቡናማው እንጨት ከቆረጣችሁት ብዙ ጊዜ አያቆጠቁጥም።

ወይራን እኔ የማሳድገው በሸክላ ማሰሮ ነው። ኅዳር ላይ ግድግዳ አስጠግቼ ውሃው እንዲወርድ ከሥሩ ሦስት ጡብ አደርግለታለሁ። ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ይሆናል ሲባል አየር በሚያሳልፍ ስስ ነጭ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ፤ ፕላስቲክ ግን እርጥበት ያፍናል። ጠዋት ውርጩ ሲለቅ ጨርቁን አነሳለታለሁ።