ልጄን ቤት ላስተምረው? ለምትሉ አዲስ ገቢ ወላጆች

አሜሪካ ገብታችሁ ብዙም ሳትቆዩ፣ ከቅዳሴ በኋላም ይሁን ሰው ቤት ቡና ላይ፣ «እኔስ ልጆቼን አውጥቼ ቤት ነው የማስተምራቸው» የሚል ሰው መግጠሙ አይቀርም። አንዱ ምክንያቱ እምነት ነው። ሌላው ልጁ እንግሊዝኛ ባለመቻሉ ሲሾፍበት አይቶ አንጀቱ አርሯል። ሌላዋ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ አንድ ነገር አይታ ልቧ ሸፍቷል። ልጅን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ቤት ማስተማሩን ሆምስኩሊንግ ይሉታል፤ በ50ዎቹም ስቴቶች ሕጋዊ ነው። ሕጋዊ ነው ተብሎ ግን ልጅን ከነገ ጀምሮ ዝም ብሎ ማስቀረት የለም። ሳታሳውቁ ካስቀራችሁት ትምህርት ቤቱ የሚያየው ክፍል የሚቀር ልጅ ነው፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ድረስ ሊሄድ ይችላል።

ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው «እኔ መምህር አይደለሁም፣ ይፈቀድልኛል?» ነው። መልሱ እንደምትኖሩበት ስቴት ይለያያል። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያም ሆነ ፎልስ ቸርች፣ አራት በሮች አሏት፦ የሃይ ስኩል ዲፕሎማ ወይም ከዚያ በላይ ካላችሁ፣ የመምህርነት ብቃት ካላችሁ፣ ለልጁ የርቀት ወይም ሌላ የተዘጋጀ የትምህርት ፕሮግራም ካቀረባችሁ፣ ወይም ማስተማር እንደምትችሉ ማስረጃ ካሳያችሁ። አንዱ ይበቃል። ከዚያ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለካውንቲው ወይም ለከተማው የትምህርት ቤቶች ሱፐርኢንቴንደንት (የበላይ ኃላፊ) ምን እንደምታስተምሩ ዘርዝራችሁ ታሳውቃላችሁ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን በፈተና ወይም በግምገማ ታሳያላችሁ። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባችሁ ሜሪላንድ ነው፣ ዲፕሎማ አለህ ወይ የሚል የለም። ግን ከመጀመራችሁ ቢያንስ 15 ቀን ቀድማችሁ ታሳውቃላችሁ፣ ሙዚቃና ስፖርትን ጨምሮ ስምንት የትምህርት ዓይነት ታስተምራላችሁ፣ የልጁን ሥራ በፋይል እያስቀመጣችሁም በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ታስገመግማላችሁ። ዲሲ ደግሞ የሃይ ስኩል ዲፕሎማ ወይም አቻውን ይጠይቃል፤ የሌለው እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል። ሲያትል ያላችሁ፣ የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ከወላጁ 45 የኮሌጅ ክሬዲት (የአንድ ዓመት ገደማ ትምህርት)፣ ወይም ለወላጆች የሚሰጠውን ኮርስ፣ ወይም የመምህር ክትትል ይጠይቃል። ዳላስ ያላችሁ የምታሳውቁት መሥሪያ ቤት እንኳ የለም፣ ቴክሳስ እንዲህ ናት። ልጁ ትምህርት ቤት ተመዝግቦ ከነበረ ግን ማውጣታችሁን ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ስጡና ኮፒውን ያዙ።

ይሄ ሁሉ ልዩነት የመጣው መንግሥት ቤት የሚያስተምር ወላጅን ምን ያህል ይቆጣጠር የሚለው ክርክር አሁንም ስላላለቀ ነው። በ2008 መጀመሪያ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ወላጅ ቤት ለማስተማር የመምህርነት ፈቃድ ያስፈልገዋል ሲል አገር ተናወጠ፣ ገዥው አርኖልድ ሽዋዜኔገር ሳይቀር ውሳኔውን ተቃወመ፣ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን ዳግም አይቶ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሐሳቡን ቀየረ። በ2018 ደግሞ እዚያው ካሊፎርኒያ ፔሪስ በምትባል ከተማ አንዲት ልጅ ከቤት አምልጣ ፖሊስ ጠራች። ወላጆቿ ከ13 ልጆቻቸው አብዛኞቹን እያስራቡ፣ አንዳንዶቹንም በሰንሰለት እያሰሩ ያኖሩ ነበር፣ አባትየው ቤቱን በወረቀት የግል ትምህርት ቤት ብሎ አስመዝግቦታል። ከዚያ በኋላ ቁጥጥር ይጥበቅ የሚል የሕግ ረቂቅ ቀረበ፣ ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ከነልጆቻቸው ምክር ቤቱን አጥለቀለቁት፣ ረቂቁም ኮሚቴ ላይ ቀረ። አንዱ ወገን ልጄን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ይላል። ሌላው፣ ከነዚህም ውስጥ ራሳቸው ቤት ተምረው ያደጉ አሉበት፣ ልጁን ከወላጅ ሌላ የሚያየው ሰው ይኑር ይላል።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ዲፕሎማው ላይ የሚደረገው ጭቅጭቅ ግን ብዙም አይጥመኝም፤ አገር ቤት ማትሪክ ያላለፈች እናት ልጇን አንብቢ እያለች ዶክተር ስታደርግ አይተናል፣ ዲግሪ የደረደረ አባት ደግሞ የልጁን ደብተር አንድ ቀን ሳይገልጥ ይኖራል። ለኛ ለመጤዎቹ ዋናው ጥያቄ ጊዜ ነው። ደብል ሺፍት እየሠራችሁ፣ ባልየው ማታ ኡበር እየነዳ፣ ሚስት ጠዋት ነርሲንግ ሆም እየገባች፣ ማን ነው አልጀብራ የሚያስተምረው? ቤት ማስተማር አስጠኚ እንደመቅጠር አይደለም፣ መጽሐፉን የምትገዙት እናንተ፣ ፈተናውን የምታስፈትኑት እናንተ፣ በብዙ ቦታ ዲፕሎማውን ፈርማችሁ የምትሰጡትም እናንተ ናችሁ። ልጁ ወደ ኮሌጅ ሲያመለክት የትምህርት ማስረጃውን የሚያዘጋጅለትም ሌላ ሰው የለም።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። አዲስ የገባ ልጅ በሕዝብ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ድጋፍ የማግኘት መብት አለው፤ ከ1974 ጀምሮ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የጸና ነገር ነው። ወረቀት የሌለው ቤተሰብ ልጅም ቢሆን መማር ይችላል፣ ይሄ ደግሞ የ1982 ውሳኔ ነው። ሙሉ በሙሉ ስታወጡት የእንግሊዝኛው ድጋፍ አብሮ ሊቀር ይችላል። የ15 ዓመት ልጅ እንግሊዝኛን ቤት ውስጥ፣ አማርኛ ከሚያወሩ ወላጆች ጋር፣ እንዴት ይልመድ? አማርኛውንና ሃይማኖቱን ፈርታችሁ ከሆነ ቅዳሜና እሑድ አለ፣ ማታ አለ።

ስለዚህ ከማውጣታችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን ስብሰባ ጠይቁ። ተሾፈበት፣ ተመታ፣ ከዕድሜው በታች ክፍል ገባ፣ ምንም ይሁን በጽሑፍ አስገቡ። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ዲሲ ውስጥማ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ፣ አማርኛም ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጁን አታስተርጉሙት፣ የራሱን ጉዳይ እየቀነሰ ነው የሚነግራችሁ።

አውሮፓ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ያለች እህታችሁ የምትመክራችሁን ጀርመን ላይ አትሞክሩት። ጀርመን ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታው ነው፣ ቤት አስተምራለሁ ያሉ ወላጆች ተቀጥተዋል፣ ልጆቻቸው ለጊዜው የተወሰዱባቸውም አሉ። አንዱ ቤተሰብ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ሄዶ በ2019 ተረትቷል። ስዊድንም ከተለየ ሁኔታ በቀር አትፈቅድም።