አዲስ ሶፍት ቦክስ ስትገዙ፣ ገዝታችሁም ስትሞክሩ

ሶፍት ቦክስ ፍላሽ ላይ ተገጥሞ ብርሃኑን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን ነው። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ፍላሻችሁ የሚቀበለው ምን ዓይነት ማውንት (ሶፍት ቦክሱ ፍላሹ ላይ የሚገጥምበት ቀለበት) እንደሆነ እወቁ። ብዙ የስቱዲዮ ፍላሾች ቦወንስ የሚባለውን ይቀበላሉ። ካሜራ አናት ላይ የሚሰካው ትንሹ ፍላሽ ግን እንዲሁ አይገጥምም፣ የራሱ ማያያዣ ይፈልጋል። እኔ የመጀመሪያውን ሶፍት ቦክሴን ከውጭ በሰው አስመጥቼ፣ ካርቶኑን በጉጉት ከፍቼ፣ ቀለበቱ አልገጥም ሲለኝ የተሰማኝ ንዴት እስካሁን አይረሳኝም። መንገደኛ ያመጣውን ዕቃ ለማን ትመልሳላችሁ? ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው አስገጥማችሁ እዩት።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለፊትና ለትከሻ 90 ሳንቲ ሜትር ኦክታ (ባለ ስምንት ማዕዘኑ ሶፍት ቦክስ) ይበቃል። የሐበሻ ቀሚሱ ጥበብ እስከ ታች እንዲታይ ከፈለጋችሁ 120ው ይሻላል፣ ጣሪያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ከፍ አድርጋችሁ ለማቆም ትቸገራላችሁ። ባለ አራት ማዕዘኑም ይሠራል። እኔ ኦክታ የምመርጠው ዓይን ውስጥ የሚተወው ነጸብራቅ ክብ ስለሚመስል ነው።

ሱቁ ውስጥ ዘርጉት፣ እጠፉት፣ ስፌቱን ጎተት አድርጉ። ሁለት ጨርቅ እንዳለው እዩ፣ የውስጥና የውጭ። የውስጡ ብርሃኑ መሀል ላይ እንዳይከማች ያደርጋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ስታነሱ ይሄ በጣም ይጠቅማል፣ ግንባርና ጉንጭ ላይ የሚያብረቀርቀው ነጭ ነገር ይቀንሳል። ጨርቁ ወደ ቢጫ ካደላ ተዉት።

አሁን ሙከራው። እባካችሁ ደንበኛ ላይ አትሞክሩት። እህታችሁን ወይ ጓደኛችሁን ወንበር ላይ አስቀምጡ። ካሜራውን ማኑዋል አድርጋችሁ አይኤስኦ 100፣ ሹተር 1/125፣ ኤፍ 5.6 ላይ አስተካክሉና መጀመሪያ ፍላሹን ሳታበሩ አንሱ። ፎቶው ጥቁር ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከዚህ በኋላ የምታዩት የሶፍት ቦክሱን ብርሃን ብቻ ነው ማለት ነው።

ሶፍት ቦክሱን በ45 ዲግሪ ጎን፣ ከዓይን ከፍ አድርጋችሁ ትንሽ ወደ ታች አዘንብሉት። መጀመሪያ 1 ሜትር ላይ አንሱ። ቀጥሎ 2 ሜትር አርቁት። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ፊት ላይ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ስለሚወርድ የፍላሹን ኃይል አራት እጥፍ ጨምሩ። ከዚያ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ የአፍንጫውን ጥላ ተመልከቱ። በ2 ሜትሩ ጠርዙ ሰላ ይላል፣ በ1 ሜትሩ ቀስ ብሎ ይሟሟል። ዕቃው ያው ነው፣ ሲርቅ ግን ከሰውየው አንጻር ትንሽ ሆነ። ብዙ ሰው ትልቅ ገዝቶ ክፍሉ ጥግ ላይ ያቆምና ብርሃኑ ለምን አልለሰለሰም ይላል። አስጠጉት! ፎቶው ውስጥ እስኪገባ አስጠጉትና ከዚያ ትንሽ መለስ በሉ። ሲቀርብ ከኋላ ያለው ግድግዳም ጨለም ስለሚል ፊቱ ጎልቶ ይወጣል።

ነጠላ የለበሰ ሰው ስታነሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ለፊቱ የሚበቃው ብርሃን ትከሻው ላይ ያለውን ነጭ ጨርቅ ፎቶው ላይ ያቃጥለዋል፣ ማለትም ከልክ በላይ ያነጣዋል፣ የሽመናው መስመር ይጠፋል። እኔ የማደርገው ሶፍት ቦክሱን ትንሽ ቀና ማድረግ ነው፣ መሀሉ ከራስ በላይ እንዲያልፍ፣ የታችኛው ጠርዝ ብቻ ወደ ነጠላው እንዲደርስ። በየጥቂት ዲግሪው አንድ ፎቶ እያነሳችሁ ፈትሹት። ፊቱ ሳይጨልም ጥለቱ የሚታይበትን ቦታ ስታገኙ የስታንዱን ከፍታ ጻፉት፣ በሠርግ ቀን ጊዜ ይቆጥብላችኋል።

አንድ ነጭ ወረቀትም አንሱ፣ አንዴ በጨርቁ አንዴ ያለ ጨርቁ። ቀለሙ ከተለየ ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ) ከጨርቁ ጋር አስተካክሉ።

ስታንዱ እግር ላይ የአሸዋ ከረጢት ይኑር። ከቤት ውጭ ከሆናችሁ ደግሞ ከረጢቱም አይበቃም፣ 120ው ንፋስ ሲያገኝ እንደ ሸራ ነው፣ አንድ ሰው ስታንዱን ይዞ ይቁም።