ሐረር ላይ የሚያምረው ኩኪስ ድሬ ላይ ለምን ይፈሳል? የበዓል ኩኪስ ስንጋግር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እኔና እህቴ ኩኪስ በአንድ የአሠራር ወረቀት ነው የምንሠራው። ዱቄታችንም፣ ቅቤያችንም፣ ስኳራችንም እኩል ነው። እሷ ሐረር ትጋግራለች፣ እኔ ድሬ። በመጀመሪያው ገና የእሷ ኮከብ አምስቱም ጫፍ ጥርት ብሎ ወጣ። የእኔ ኮከብ ክብ ሆነ። ለልጆቹ ብዬ በባቡር ቅርፅ የቆረጥኩትም ጎማው ከጭስ ማውጫው ጋር ተደባልቆ ጠፋ። ልጆቹ አገላብጠው አዩትና "ባቡሩ የታለ?" አሉኝ። አዘንኩ፣ ምክንያቱም ሙሉ ቀን ለፍቼበት ነበር።

መጀመሪያ ዱቄቱን ጠረጠርኩ። ቀጥዬ ኦቨኑን። ጥፋቱ የሁለቱም አልነበረም። ከድሬ ተነስቶ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ለመግባት መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከፍታው ግን ከ1,200 ሜትር ገደማ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ይወጣል። አየሩ ይቀየራል። ቅቤ ደግሞ ይህን ለውጥ ከሰው ቀድሞ ያውቃል።

የምንሠራበት መጠን ይሄ ነው፦ 225 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 200 ግራም ስኳር፣ አንድ የፈረንጅ እንቁላል፣ 400 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። እንቁላሉ የአበሻ ከሆነ አነስ ስለሚል የሌላ እንቁላል አስኳል ጨምሩበት። ቤኪንግ ፓውደር የለበትም። ረስቼው አይደለም፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ቅቤውን "በቤት ሙቀት" ማለስለስ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌላውን ሁሉ ብታስተካክሉ ይሄ ከተበላሸ ኩኪሱ ይፈሳል።

የትኛውም የአሠራር ወረቀት "ቅቤውን አውጥታችሁ በቤት ሙቀት አለስልሱት" ይላል። የማን ቤት? ይህን የጻፈው ሰው ቤቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድሬ ላይ ፋሲካ ሲደርስ ቀን ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፤ ኦቨኑ ሲበራ ደግሞ ማድ ቤቱ ይብሳል። ቅቤ 32 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መቅለጥ ይጀምራል። እንግዲህ ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ሰዓት የተተወ ቅቤ ለሰለሰ አይባልም፤ ዘይት ሆኗል። የቀለጠ ቅቤ ዱቄቱን አይይዝም። ኦቨን ውስጥ ሊጡ ገና ሳይደርቅ ቅቤው ይፈስና ቅርፁን ይዞት ይሄዳል።

እኔ ቅቤውን ከፍሪጅ አውጥቼ በቢላዋ እንደ ስኳር ድንች ትንንሽ አድርጌ እከትፈውና ወዲያው እመታዋለሁ። ሳህኑንም ቀድሜ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። እንቁላሉም ከፍሪጅ በቀጥታ ይገባል። ቅቤው ልክ መሆኑን በጣት ታውቁታላችሁ። ስትጫኑት ጎድጎድ ይላል፣ ጣታችሁ ግን አያብለጨልጭም። ካብለጨለጨ አልፏል፤ መልሱት።

ሰዓቱንም ምረጡ። ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ ሊጥ አይዳመጥም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሱ፤ ወይም ከተማው በረድ ሲል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ጀምሩ። ሐረር ያላችሁ በዚህ በኩል ታድላችኋል።

ከቅቤው ሳንወጣ፣ ንጥር ቅቤም አይሆንም። ኮረሪማና በሶብላ ያለበት ቅቤ ለዶሮ ወጥ ነው። ሽታው ብቻ አይደለም ችግሩ። ሲነጠር ውሃው ሁሉ ወጥቶ ስብ ብቻ ይቀራል፣ ኩኪሱም ቅባታም ሆኖ ይፈረካከሳል። ከቀፊራ ገበያ የሚገዛው ለጋ ቅቤ ደግሞ ውስጡ ያለው ውሃ በየቀኑ ይለያያል፣ ኮምጠጥም ይላል። ለዚህ ሥራ ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ ፈልጉ። የገበታ ቅቤ ከጠፋ ወይም ከተወደደ በካርቶን የሚሸጠው ጠንካራ ማርጋሪን ይሠራል። በቅርፅ እንዲያውም ይሻላል፣ በጣዕም ግን ቅቤን አይተካም።

ስኳሩን እንዳለ መጨመር፣ ብዙም መምታት

የእኛ ሀገር ስኳር ፍሬው ትልልቅ ነው። ቅቤው ውስጥ ሳይሟሟ ይቀርና ኦቨን ውስጥ ይቀልጣል፤ ኩኪሱን ይዘረጋዋል፣ ላዩንም ያቀልመዋል። ጁስ መፍጫ ውስጥ ለአሥር ሰከንድ ብቻ አድቅቁት። ከቅቤው ጋር ስትመቱት ደግሞ ለኬክ እንደሚደረገው እስኪነጣና እስኪያብጥ አትጠብቁ። የገባው አየር ኦቨን ውስጥ ሊጡን ነፍቶ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ቤኪንግ ፓውደሩም በዚሁ ምክንያት ነው የቀረው። ቅርፁ እንዲቆይ የሚፈለግ ነገር ለምን ይነፋል? ሐረር ደግሞ ከፍታው ስለሚጨምርና የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ ያው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር እዚያ የበለጠ ይነፋል። እህቴ አንድ ጊዜ ሞክራው የመላእክቱ ክንፍ ከገላቸው ጋር ተጣበቀ።

ዱቄቱን በብርጭቆ መስፈር፣ ሊጡን እንደ ድፎ ማሸት

ዱቄት በብርጭቆ ሲሰፈር አንዱ ጠቅጥቆ ይሰፍራል፣ አንዱ በማንኪያ ሞላ አድርጎ ይሰፍራል። በአንድ ኩባያ ላይ ብቻ የ30 ግራም ልዩነት ይመጣል። ሦስት ኩባያ ሲሆን 90 ግራም ነው። ኩኪሱ አንዴ እንደ ድንጋይ፣ አንዴ እንደ ገንፎ የሚሆንባችሁ ለዚህ ነው። ታይዋን ገበያ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን አይጠፋም። ከጌጣጌጡ በፊት እሱን ግዙ።

ዱቄቱ ከገባ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። እናቶቻችን ድፎ ሲያቦኩ ክንዳቸው እስኪዝል ያሹታል፣ ዳቦው ያንን ይፈልጋል። ኩኪስ አይፈልግም። በታሸ ቁጥር ሊጡ እንደ ላስቲክ ይሳሳባል፤ የቆረጣችሁት ልብ ኦቨን ውስጥ ተሸማቅቆ ይወጣል። ነጭ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ ሰብስባችሁ ተዉት።

አቀዝቅዞ መዳመጥ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ምክንያቱም ወረቀቱም እንዲህ ይላል፦ ሊጡን ፍሪጅ አስገቡ፣ ከዚያ ዳምጡ። ድሬ ላይ ግን እንደ ድንጋይ የጠጠረውን ሊጥ እየታገላችሁ ስትዳምጡ፣ ሳስቶ ሲያበቃ መልሶ ለስልሷል። ልፋቱ ባከነ።

ገልብጡት። ሊጡ እንደተቦካ፣ ገና ለስላሳ እያለ፣ በሁለት ንፁህ ላስቲክ መካከል አድርጋችሁ ዳምጡት። ዱቄት መነስነስም አያስፈልግም፤ የሚነሰነሰው ዱቄት ነው ኩኪሱን የሚያደርቀው። ውፍረቱ እኩል እንዲሆን ከሊጡ ግራና ቀኝ ሁለት እኩል እርሳስ አጋድሙና መዳመጫውን በእነሱ ላይ አንከባሉ። ከዚያ ከነላስቲኩ ትሪ ላይ አድርጋችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ሲወጣ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ ይነሳል። ያኔ ቁረጡ። የቆረጣችሁትን ደግሞ ወደ ኦቨን ከመሄዱ በፊት ለ15 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ መልሱት። ይህችን 15 ደቂቃ ማንም እንዳያስዘልላችሁ። የእኔ ባቡር ጎማው የተመለሰው በእሷ ነው።

መብራት ቢጠፋስ? እኔ ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ሦስት አራት የሀይላንድ ጠርሙስ ውሃ አድርጌ፣ እስከ አፉ ሳልሞላው፣ ፍሪዘር ውስጥ አስገባለሁ። መብራት ከጠፋ ጠርሙሶቹን ደርድሬ ትሪውን ከላይ አስቀምጠዋለሁ። አንዱን ጠርሙስ በፎጣ ጠርጌ መዳመጫ አደርገዋለሁ፤ እየዳመጠ ያቀዘቅዛል። ፍሪጁንም በየደቂቃው አትክፈቱት።

ቅርፅ ማውጫ ከሌላችሁ የሻይ ብርጭቆ ክብ ያወጣል። ለሌላው ደግሞ ከደረቅ ካርቶን ቅርፁን ቆርጣችሁ ሊጡ ላይ አስቀምጡና በቢላዋ ጫፍ ዙሩት። ባቡሩን በዚህ ነው የምሠራው። ድሬ በ1895 ዓ.ም. በባቡሩ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የኛ ልጆች ከበረዶ ሰው ይልቅ ባቡር ቢበሉ ደስ ይለኛል።

ኦቨኑን ማመን

ወረቀቱ 350 ይላል፤ የእናንተ ኦቨን ቁልፍ እስከ 250 ነው። 350 ፋራናይት ማለት 177 ሴልሺየስ ገደማ ነው። 175 ላይ አድርጉት። ትንንሾቹ የኤሌክትሪክ ኦቨኖች ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ አይታመንም፤ አንዱ ጥግ ያሳርራል፣ አንዱ ጥሬ ይተዋል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ፍሬ ብቻ ጋግራችሁ ፈትኑት። ኦቨኑ ቢያንስ 15 ደቂቃ ቀድሞ ይብራ። ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ ጋር ጋግሩ። ከ8 እስከ 11 ደቂቃ ይበቃዋል። ጠርዙ ብቻ ወርቅ ሲመስል አውጡት፤ መሀሉ ያልበሰለ ይመስላል፣ ትሪው ላይ አምስት ደቂቃ ሲቆይ ይጠነክራል። እስኪቀላ ከጠበቃችሁ አልፏል።

ሁለተኛውን ዙር በጋለ ትሪ ላይ አታድርጉ። ትሪውን ቧንቧ ስር አቀዝቅዛችሁ አድርቁት።

አይሲንጉ ላይ መቸኮል

ኩኪሱ ለብ ያለ ከሆነ አይሲንግ፣ ማለትም ላዩ የሚጌጥበት የስኳር ቅብ፣ ይፈስበታል። ሙሉ በሙሉ ይብረድ፤ እኔ አሳድረዋለሁ።

ለአንድ እንቁላል ነጭ 170 ግራም ያህል የተፈጨ ስኳርና ጥቂት ጠብታ ሎሚ ይበቃል። ስኳሩን ቤት ከፈጫችሁት አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ጨምራችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ በሚጢጢ ወንፊት ንፉት፤ አንዲት ፍሬ አይሲንጉን ጨምቀን የምናወጣባትን የላስቲክ ቀዳዳ ትዘጋለች። የእንቁላሉ ነጭ ጥሬ ስለሆነ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን የሚበላው ከሆነ ስኳሩን በጥቂት ወተትና ሎሚ ለውሱት። ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ግን ችግር የለውም።

የውፍረቱ ነገር ዋናው ነው። በቢላዋ ጫፍ መሀሉን ሰንጥቁትና ቁጠሩ። ስንጥቁ አምስት ሳይሞላ ከተዘጋ ቀጥኗል፣ ከጠርዙ ይወርዳል። 10 እና 15 መካከል ከተዘጋ ለመሙላት ልክ ነው። ጨርሶ ካልተዘጋ ለዳር መስመር ይሆናል። መጀመሪያ በወፍራሙ ዳሩን አጥሩ፣ ከዚያ በቀጭኑ ሙሉት። የሚጨመረው ውሃ በጠብታ ነው፤ በማንኪያ ከሆነ መመለሻ የለውም። ፈሳሽ ቀለምም እንደ ውሃ ያቀጥናል። ለቢጫ ቁንጥር እርድ፣ ለሮዝ ጥቂት ጠብታ የቀይ ሥር ጭማቂ ይበቃል።

የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ጎድጓዳው ውስጥ ያለው አይሲንግ ቶሎ ቆዳ ያወጣል። እርጥብ ጨርቅ አልብሱት። ይሄው ደረቅ አየር ግን ኩኪሱ ላይ ሲሆን ይጠቅመናል፤ ከቬንትሌተር ፊት ካስቀመጣችሁት ላዩ ይደርቅና ያብለጨልጫል። ፀሐይ ላይ ግን አታውጡት፣ ቅቤው ከስር ወጥቶ አይሲንጉን ያዠጎረጉረዋል።

ቀለም በቀለም ላይ የምታደርጉ ከሆነ የመጀመሪያው በደንብ ይድረቅ። እህቴ በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ስፌት ጥለት ነው የምትሥለው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። አንዱን ቀለም ሠርታ፣ ቡና አፍልታ፣ ጠጥታ ነው ወደ ሁለተኛው የምትሄደው። ቀዩ ወደ ነጩ የማይሸሸው ለዚያ ነው።

ሁሉንም ለዋዜማ ማቆየት

የገና ፆም ከህዳር 15 ጀምሮ ነው። ቅቤና እንቁላል ያለበትን ሊጥ የሚፆም ሰው ሊቀምሰው አይችልም። ጨው መርሳቴን ያወቅሁት በበዓሉ ጠዋት፣ ሰው ፊት ነበር። አሁን ሙስሊም ጎረቤቴ ትቀምስልኛለች። በረመዳን እሷ ለኢድ ስትጋግር ደግሞ ተራው የእኔ ነው። ባለፈው ገና አንዷን ፍሬ ቆርሳ በዝምታ አኘከችና "አቦ፣ ጨው የት ሄደ?" አለችኝ። የመጀመሪያው ሊጥ ብቻ ነበር፤ አስተካከልኩት።

እንዲህ ከፋፍሉት። ሊጡን ተዳምጦ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሳምንት በፊት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ከበዓሉ ሦስት ቀን በፊት ጋግሩ። በሁለተኛው ቀን አይሲንጉን ሥሩ፣ ሌሊቱን ይደር። ሳይደርቅ አትደራርቡት።

ከዚያ በክዳን የሚዘጋ ደረቅ ዕቃ ውስጥ፣ በመሀሉ ወረቀት እያደረጋችሁ አስቀምጡት። አይሲንግ ያለበትን ኩኪስ ፍሪጅ አታስገቡ። ሲወጣ ያልበዋል፣ ቀለሙም ይሸሻል። ጉንዳን ለሚያስቸግረው ቤት ደግሞ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ሁለት ጣት ውሃ አድርጉ፣ መሀሉ ላይ ጎድጓዳ ሳህን ድፉ፣ ዕቃውን እዚያ ላይ አስቀምጡ። ዕቃው የሳፋውን ዳር እንዳይነካ ብቻ።