ጊዜ የሚመላለስበትን የሃሩሂ ልቦለድ በጣና ዳር በቡድን እንዴት እናንብበው

ባሕር ዳር ውስጥ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ልቦለድ የሚያነብ ትንሽ ቡድን ሳስተባብር ከሁሉም በላይ ክርክር ያስነሣልን የጃፓኑ የሱዙሚያ ሃሩሂ ተከታታይ ነው። በመጀመሪያው ዙር ግን የቡድኑ ግማሽ ያህል ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ተወው፤ ታሪኩ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲመላለስ የቱ ክስተት የቱን እንደሚቀድም ጠፋባቸው። በሁለተኛው ዙር መፍትሔ የሆነን አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ ከካርቶን የተቆረጡ ካርዶችና ሁለት ደርዘን የልብስ መቆንጠጫ ነው። ከዚህ በታች የማስረዳው ያንኑ አሠራር ነው።

በመጀመሪያ ስለ መጻሕፍቱ ሊታወቅ የሚገባውን ላስቀምጥ። ደራሲው ናጋሩ ታኒጋዋ ነው፤ ሥዕሎቹን የሣለችው ኖይዚ ኢቶ ስትሆን አሳታሚው ካዶካዋ ነው። «የሱዙሚያ ሃሩሂ ትካዜ» ልንለው የምንችለው የመጀመሪያው መጽሐፍ የአሳታሚውን የስኒከር ታላቅ ሽልማት አግኝቶ እ.ኤ.አ. በጁን 2003 ታተመ፤ እስከ 2024 ድረስም 13 መጻሕፍት ወጥተዋል። ዓይነቱ ላይት ኖቭል የሚባለው ነው፤ በኪስ መጠን የሚታተም፣ በየመካከሉ ሥዕል ያለበት፣ ንግግር የሚበዛበትና በአብዛኛው ለወጣቶች የሚጻፍ ልቦለድ ማለት ነው። ሃሩሂ ትምህርት በተጀመረበት ዕለት ክፍሉ ፊት ቆማ ተራ ሰው እንደማትፈልግ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ወይም የጊዜ ተጓዥ ካለ ግን ወደ እሷ እንዲመጣ ትናገራለች። ባቋቋመችው ቡድን ውስጥ የሰበሰበቻቸው ናጋቶ፣ አሳሂናና ኮይዙሚ በእርግጥም የምትመኛቸው ዓይነት ፍጥረቶች ሲሆኑ እሷ ብቻ ይህን አታውቅም። ታሪኩን የሚተርክልን ኪዮን በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው የክፍሏ ልጅ ነው።

የንባቡ ቀዳሚ ደንብ መጻሕፍቱን በታተሙበት ቅደም ተከተል ማንበብ ነው። አንዳንድ ትጉ አንባቢ ታሪኮቹን በተፈጸሙበት ቀን ደርድሮ ለማንበብ ይፈተናል፤ እኔም አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ለማንም አልመክረውም። ምክንያቱን ለማየት 4ኛውንና 5ኛውን መጽሐፍ ማነጻጸር ይበቃል። 4ኛው፣ «የሃሩሂ መሰወር»፣ በዲሴምበር የሚፈጸም ሲሆን በ5ኛው ውስጥ ያለው የነሐሴው ታሪክ በቀን አቆጣጠር ከእርሱ በፊት ይውላል። ሆኖም ደራሲው አስቀድሞ ውጤቱን አሳየን፤ ምክንያቱን ያቀረበልን ከዚያ በኋላ ነው። አንባቢው በ4ኛው መጽሐፍ ያዘነለትን ሰው ሸክም በ5ኛው ሲያገኘው ያነበበውን ሁሉ መልሶ ይመዝናል። ቀኑን ተከትሎ ያነበበ ሰው ይህን ያጣዋል። ስለዚህ ማንበብ በታተመበት ቅደም ተከተል፣ መደርደር ደግሞ በተፈጸመበት ቀን ይሁን።

አሁን ወደ ሲባጎው እንምጣ። ከሐይቁ የሚነሣው የከሰዓት ነፋስ ካርዶቹን ስለሚያወዛውዛቸው ሲባጎውን ቤት ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ወጥሩት፤ ውይይቱ ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ቢሆን ግን እወዳለሁ። አንድ ታሪክ አንብባችሁ በጨረሳችሁ ቁጥር አንድ ካርድ ቁረጡ፤ በላዩ ላይ በሰማያዊ የመጽሐፉን ቁጥርና በስንተኛ ተራ እንዳነበባችሁት፣ ከታች በቀይ ታሪኩ የተፈጸመበትን ቀን ጻፉ። ካርዱን በመቆንጠጫ የምታንጠለጥሉት በቀዩ ቀን ነው። በሙጫ ወይም በስፒል አትያዙት፤ ቀጣዩ መጽሐፍ በሁለት ካርዶች መካከል ገብቶ ሌሎቹን የሚያስገፋበት ጊዜ ብዙ ነውና። ሰማያዊው ቁጥር ሲዘበራረቅ፣ ቀዩ ሲስተካከል፣ ዓይን በአንድ ጊዜ ሁለቱን ቅደም ተከተል ያያል። ሦስተኛም ቅደም ተከተል አለ፤ እርሱም ኪዮን ራሱ የኖረበት ተራ ነው። ለእርሱ ቀጭን ባለቀለም ክር ተጠቀሙና ኪዮን ከደረሰበት ካርድ ወደሚቀጥለው እየሳባችሁ እሰሩት፤ ክሩ ወደ ኋላ የሚመለስባቸው ቦታዎች የታሪኩ አንጓዎች ናቸው።

ቀዩን ቀን በእኛ አቆጣጠር ጻፉ። ይህን የምለው ከስሜት ተነሥቼ ብቻ አይደለም። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በሚያራርቁ ሁለት ዘመን አቆጣጠሮች መካከል እየተመላለሰ ያደገ፣ ከስልኩ ላይ አንዱን አንብቦ በአፉ ሌላውን የሚናገር የባሕር ዳር ተማሪ ለዚህ ዓይነቱ ልቦለድ የተዘጋጀ አእምሮ አለው፤ አስተባባሪው ይህን ዝግጁነት ሊጠቀምበት ይገባል። ጁላይ 7 ሰኔ 30 ነው። ከኦገስት 17 እስከ 31 ያለው ከነሐሴ 11 እስከ 25 ነው። ዲሴምበር 18 በዘወትሩ ስሌት ታኅሣሥ 9 ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግሥት ግን ወደ 8 ይዛነፋል። የጃፓን የትምህርት ዘመን በአፕሪል እንደሚጀምርና የእነርሱ ሁለተኛ ደረጃ አንደኛ ዓመት ከእኛ 10ኛ ክፍል ጋር እንደሚቀራረብ ሲባጎው ራስ ላይ በአንድ ካርድ ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ሰዓቱም ደስ የሚያሰኝ ነገር አለው። ጃፓን ከእኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛም የሰዓት አቆጣጠር ከዓለም አቀፉ በ6 ሰዓት ይለያል፤ ስለዚህ በአንድ ቅጽበት የባሕር ዳርና የኒሺኖሚያ ሰዓት ቆጣሪዎች አንድ ቁጥር ያሳያሉ። የታሪኩ ከተማ የተሣለችው በኒሺኖሚያ አምሳል ስለሆነ፣ እዚያ ከምሽቱ 9 ሰዓት የሚባለው እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ታሪኩን በአማርኛ ስትተርኩ ግን ይህ እንዳያሳስታችሁ፤ የኪዮን ምሽት ለአድማጩም ምሽት እንዲሆን 9 የተባለውን ከምሽቱ 3 ሰዓት በሉ።

በ1ኛው መጽሐፍ አሳሂና የጊዜ ጉዞ እንዴት እንደሚሠራ የምታስረዳበት ክፍል አለ፤ ብዙዎች በችኮላ ያልፉታል። እሷ እንደምትለው ጊዜ ያለማቋረጥ የሚፈስ ወንዝ ሳይሆን ገጾቹ በፍጥነት ሲገለበጡ የሚንቀሳቀስ እንደሚመስል የሥዕል ደብተር ነው፤ ተጓዡ በአንድ ገጽ ላይ የተጨመረ ሥዕል ነው፤ በዚያ ገጽ ላይ የተሞነጫጨረውም የመጨረሻውን ገጽ አይለውጥም። ለቡድናችን ይህ የተገለጠላቸው ዘጌ ሄደን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ግድግዳዎች ስናይ ነው። የቅዱሱ ልደት፣ ተጋድሎውና ዕረፍቱ በግድግዳው ላይ በአንድነት አሉ፤ ቀዳሚና ተከታይ የሚሆኑት ዙሪያውን ለሚሄደው ሰው ነው። የጊዜ ተጓዥ ማለት ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ነው ብሎ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሲናገር እኔ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረኝም። ነገር ግን አሳሂና የነገረችን ሕግ እስከ መጨረሻው ይጸና እንደሆነ ጥያቄውን ክፍት አድርጋችሁ ያዙት፤ በ7ኛው መጽሐፍ ለኪዮን በደብዳቤ የሚታዘዙት ጥቃቅን ሥራዎች መጪው ዘመን እንዲጠበቅ የሚፈጸሙ ናቸውና፣ ገጽ መሞነጫጨር ምንም አይለውጥም ከተባለ ለምን አስፈለጉ የሚለው ክርክር አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይወስዳል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው በ3ኛው መጽሐፍ ያለውን የሰኔ 30ን ታሪክ ነው። ጁላይ 7 ጃፓናውያን ታናባታ የሚሉት የከዋክብት በዓል ሲሆን ምኞታቸውን በወረቀት ቁራጭ ላይ ጽፈው በቀርከሃ ላይ ያንጠለጥላሉ። ሃሩሂ የበዓሉ ሁለት ኮከቦች ቬጋና አልታይር 25 እና 16 የብርሃን ዓመት ያህል እንደሚርቁ አስባ ምኞቱ የሚደርሰው ከዚያን ያህል ዓመት በኋላ ነው ትላለች፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሁለት ምኞት ይጽፋል። እኛም ጻፍን፤ ሰኔ 30 ባሕር ዳር ደመና ስለሚሆን ኮከቦቹን ባናያቸውም ወረቀቶቹን በዚያው ሲባጎ ላይ አንጠለጠልናቸው። በዚያ ዕለት ኪዮን ከሦስት ዓመት በፊት ወደነበረችው ሰኔ 30 ሌሊት ይሄዳል፤ ወደ ራሱ ዘመን የሚመለሰውም ሦስቱን ዓመት በአንድ ክፍል ውስጥ ጊዜ ቆሞለት አንቀላፍቶ ነው። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በለሱን ይዞ ተኝቶ ከ66 ዓመት በኋላ ሲነቃ በለሱ ወተቱን እያንጠባጠበ ያገኘውን የአቤሜሌክን ታሪክ ከአያቱ የሰማ ልጅ ወዲያው ይገባዋል። ለዚያች ሌሊት ሰፊ ካርድ ቁረጡላት፤ ኪዮን ወደ እርሷ ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚሄድ ክሩ ደጋግሞ ይነካታል።

የነሐሴው ታሪክ በመጽሐፉ ከነሐሴ 11 እስከ 25 ያለው ጊዜ 15,498 ጊዜ እየተደገመ የሚሄድበት ነው፤ ከቡድኑ አንድ አባል ብቻ ሁሉንም ያስታውሳል። ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ አትናገሩ። ቁጥሩ ባዶ ቁጥር ሆኖ እንዳይቀር ግን ለአንባቢዎቻችሁ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ቡሄ እንዳለ አስታውሱ። ፍልሰታም የሚፈታው በእነዚያው ቀናት ነው። ያው ሙልሙል፣ ያው የጅራፍ ጩኸት፣ ያው «ሆያ ሆዬ» 15,498 ጊዜ ሲመጣና አዲስ ዓመት አንድም ጊዜ ሳይመጣ፣ ሌላው ሁሉ እንደ አዲስ ሲደሰት፣ አንድ ሰው ብቻ ሁሉንም እያስታወሰ ዝም ብሎ ሲመለከት ምን ይሰማዋል ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ጋ ይህን ስጠይቅ ለረጅም ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

የምናነበው የእንግሊዝኛ ትርጉም የሚከብዳቸው አባላት ካሉ አንዱ አንብቦ በአማርኛ ይተርክ። በጃፓን የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ ሱዙሚያ የቤተሰቡ፣ ሃሩሂ የራሷ ስም ነው። ኮይዙሚ እኩዮቹን ሳይቀር በአክብሮት ቃል ያናግራል፤ ስለዚህ በአማርኛ ኪዮንን «እርስዎ» ይበለው። ለጆሮ እንግዳ ይሆናል፤ እንግዳ ሊሆንም ይገባል፤ ከጨዋነቱ በስተኋላ የሚሸሽገው ነገር ስላለው። ኪዮን ደግሞ የሚያስበውንና የሚናገረውን ሁልጊዜ ስለማይለይ፣ ተራኪው ድምፁን ዝቅ ከፍ ከማድረግ ይልቅ አሻሚውን እንደ አሻሚ ቢያስተላልፈው ይሻላል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መጻሕፍት ሃሩሂ አሳሂናን ያለ ፈቃዷ የምትጎትትበት፣ ልብስ የምታስቀይርበት፣ ኮምፒዩተር ለማግኘት በሌሎች ተማሪዎች ላይ ማስፈራሪያ አድርጋ የምትጠቀምባት ክፍል አለ። መጽሐፉ እንደ ቀልድ ቢያቀርበውም ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ሴት ተማሪዎች መጀመሪያ እንዲናገሩ አድርጉ፤ ኪዮን በ2ኛው መጽሐፍ ትዕግሥቱ የሚያልቅበት ክፍል እስኪደርስ ድረስም ለምን ዝም እንዳለ ጠይቁ። ከ9ኛ ክፍል በታች ላሉ ልጆች ተከታታዩን አላቀርብም።

ኪዮቶ አኒሜሽን የሠራው ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2006 ሲተላለፍ ሆን ተብሎ ከቅደም ተከተሉ ውጭ ነበር፤ የ2009ኙ ግን በቅደም ተከተሉ ሆኖ የነሐሴውን ታሪክ በስምንት ክፍል እየደጋገመ አሳይቷል። በ2010 የወጣውን የ«መሰወር» ፊልም ከ4ኛው መጽሐፍ በፊት አትዩት።

ሲባጎው የሚፈተነው በ9ኛው መጽሐፍ ነው። እዚያ ታሪኩ አልፋና ቤታ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሆናሉ፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቶ ቀጣዮቹ 10ኛውና 11ኛው እስከ 2011 ስላልታተሙ አንባቢዎቹ አራት ዓመት ጠበቁ። ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ሁለተኛ ሲባጎ ከመጀመሪያው በታች ወጥሩ፤ የአልፋን ካርድ ከላይ፣ የቤታን ከታች በየቀናቸው ትይዩ አድርጉ። ሁለቱን ሳምንታት እያፈራረቃችሁ አንብቡ እንጂ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ደራሲው ያፈራረቃቸው አንዱ የሌላውን ጥያቄ እንዲመልስ ነው። የኪዮንን ባለቀለም ክር እስከ መለያያው አድርሳችሁ ጫፉን ሳትቋጥሩ ተዉት፤ 11ኛው መጽሐፍ እስኪዘጋ ድረስ በየትኛው ሲባጎ እንደሚሄድ ማንም አይወስን።